ወልዳ ለምትመለስ ሯጭ ምን ይገባታል?

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚሄድ መንገደኛ የስምጥ ሸለቆውን ሙቀት ከኋላው ትቶ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይጓዛል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አሰላ 2,400 ሜትርን ታልፋለች፤ በቆጂ ከዚያም ወጣ ብላ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። ኃይሌ ገብረሥላሴ የአሰላ አካባቢ ልጅ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የበቆጂና የዙሪያዋ ናቸው። ከእነዚህ ከተሞች ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ዋናው መንገድ የሚያልፈው በአዳማ በኩል ነው። አዳማ ራሷም ባዶ እጇን አይደለችም፤ በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ለኔዘርላንድስ ያሸነፈችው ሲፋን ሐሰን የተወለደችው እዚሁ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ከአዋጁ ቁጥር በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ አካባቢ ሴቶች ለአገሪቱ ያመጡት ሜዳሊያ ተቆጥሮ ተጽፏል። ያልተጻፈው ሌላ ነው። አንዲት ሴት በሙሉ ጉልበቷ የምትሮጠው ከሃያ እስከ ሠላሳ አምስት ባለው ዕድሜዋ ነው፤ ልጅ የምትወልደውም በአብዛኛው በዚያው ዕድሜ ነው። ሁለቱን በአንድ ዘመን ለማስተናገድ ስትነሣ ከጎኗ መቆም ያለበት ማን ነው? የሚደረግላት ድጋፍስ ችሮታ ነው ወይስ ዕዳ? ችሮታ ከሆነ ሰጪው ሲወድ ይሰጣል፣ ሳይወድ ይተዋል፤ እሷም አመስግና ትቀበላለች። ዕዳ ከሆነ ግን የሚጠየቅበት ሰው አለ።

ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትርን ስታሸንፍ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ቀጥለው የመጡት ዓመታት የተደበላለቁ ናቸው። በ1995 እና በ1997 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች፤ በ1996 አትላንታ ላይ ግን አራተኛ ወጥታ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰች። በ1998 ሴት ልጅ ወለደች። በዚያን ጊዜ ወልዶ ወደ ትልቅ ውድድር መመለስ ብዙ የተለመደ አልነበረም። እሷ ግን ተመለሰች። በ2000 መጀመሪያ ቪላሞራ፣ ፖርቱጋል ላይ የዓለም አገር አቋራጭን ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈች። በዚያው ዓመት መስከረም ሲድኒ ላይ 10,000 ሜትሩን በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ ጨርሳ፣ ጌጤ ዋሚን አስከትላ፣ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። በ2001 ኤድመንተን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ የለንደን ማራቶንንም አሸነፈች። በ2004 አቴንስ ላይ ነሐስ አገኘች። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ደግሞ በ2009፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒውዮርክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ቀድማ ገባች።

ጥሩነሽም ተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች። በ2008 ቤጂንግ ላይ 5,000 እና 10,000 ሜትርን በአንድ ኦሊምፒክ አሸንፋ፣ በ2012 ለንደን ላይ 10,000ውን ደግማ፣ መጋቢት 2015 ወንድ ልጅ ወለደች። ከ17 ወር በኋላ ሪዮ ላይ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣች። ያን ቀን አልማዝ አያና የዓለምን ክብረ ወሰን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ስለሰበረች የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነበር። የጥሩነሽ ነሐስ ግን ቆም ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። ሪዮ ላይ የሮጠችው 29 ደቂቃ ከ42.56 ሰከንድ ነው፤ ቤጂንግ ላይ ወርቅ ያስገኘላት ሰዓት 29 ደቂቃ ከ54.66 ነበር። እናት ሆና የሮጠችው በሕይወቷ ከሮጠችው ሁሉ የፈጠነው ነው። በሚቀጥለው ዓመት በለንደን ማራቶን 2:17:56 ሮጣ ሁለተኛ ሆነች፤ ቺካጎንም አሸነፈች።

መሠረት ደፋር ግን ሌላ ዕድል ገጠማት። በ2004 አቴንስ እና በ2012 ለንደን የ5,000 ሜትር ወርቅ ባለቤት ናት፤ በ2013 ሞስኮ ላይም አሸንፋለች። በ2014 ሴት ልጅ ወለደች። በ2016 መጋቢት ፖርትላንድ ላይ በተካሄደው የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና በ3,000 ሜትር የብር ሜዳሊያ አገኘች። በዚያው ክረምት ግን ለሪዮ በተመረጠው ቡድን ውስጥ አልነበረችም፤ የለንደን ወርቋን ሳትከላከል ኦሊምፒኩ አለፈ። በዓለም ደረጃ ብር ያገኘች እናት ከአገሯ ቡድን ውጭ መሆኗ ኢትዮጵያ በዚያ ርቀት ምን ያህል ሯጭ እንዳላት ያሳያል። ወልዳ የምትመለስ ሴት የምትፎካከረው ከዓለም ጋር ከመሆኑ በፊት ከጎረቤቷ ጋር ነው።

እነዚህን ታሪኮች ብዙ ሰው የሚያነባቸው በአንድ መንገድ ነው፦ «ደራርቱ ወልዳ ተመልሳ አሸነፈች፤ ስለዚህ ልብ ያላት ትመለሳለች።» ይህ አነጋገር ምስጋና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ጭካኔ አለበት። ወልዳ ያልተመለሰችውን ሁሉ ልብ ያልነበራት ያደርጋታል። ለምን እንዳልተመለሰች የጠየቃት የለም። ገንዘብ አጥታ ይሆናል፤ ሕፃኑን የሚይዝላት ዘመድ በአቅራቢያዋ አልነበረ ይሆናል፤ በወሊድ የተጎዳ ሰውነቷን የሚያይላት ሐኪም አላገኘች ይሆናል። የተመለሱት በቴሌቪዥን ይታያሉ። ያልተመለሱት የመጨረሻ ውድድራቸው እንኳ የት እንደነበር የሚያስታውስ የለም። በጣት የሚቆጠሩ ታላላቅ ሴቶች ያደረጉት ተአምር ለሌሎቹ ሁሉ መመዘኛ ሲሆን፣ ደራርቱ ራሷ ያለፈችበትን መከራ ሌላዋ እንድትከፍለው ማዘዝ ይሆናል።

ነገሩ በገንዘብ ቋንቋ ሲነገር ይበልጥ ይገለጣል። የኢትዮጵያ ሯጭ ገቢ ከሦስት በኩል ይመጣል። አንደኛው ክለብ ነው፤ ንግድ ባንክ፣ መከላከያ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ ኦሮሚያ ፖሊስና የመሳሰሉት ለአትሌቶቻቸው ወርኃዊ ደመወዝ ይከፍላሉ። ሁለተኛው የውጭ የስፖርት ትጥቅ ድርጅት ስፖንሰርነት ነው። ሦስተኛው የውድድር ሽልማትና የመሮጫ ክፍያ ነው። ደመወዙ ያኖራል፤ ቤት የሚያሠራው ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። እነዚያ ሁለቱ ደግሞ ሯጯ ካልሮጠች ይቆማሉ ወይም ይቀንሳሉ። በብዙ የስፖንሰር ውል ውስጥ በዓመት የተወሰነ ውድድር ያልሮጠች፣ ደረጃዋ ከተወሰነ ቁጥር በታች የወረደች አትሌት ክፍያዋ ይቆረጣል የሚል አንቀጽ አለ። አንቀጹ ብዙ ጊዜ ጉዳትን ከወሊድ አይለይም።

ይህ በዓለም አደባባይ የወጣው በ2019 ነው። አሜሪካዊቷ የ800 ሜትር ሯጭ አሊሲያ ሞንታኞ እና የረጅም ርቀት ሯጯ ካራ ጋውቸር በስፖንሰር ውል ስለ ወሊድ የደረሰባቸውን ተናገሩ። ቀጥላ አሊሰን ፊሊክስ በኒውዮርክ ታይምስ ጻፈች። ፊሊክስ በኅዳር 2018 ከባድ የእርግዝና ደም ግፊት ገጥሟት በ32ኛው ሳምንት በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ነበር የወለደችው። በድርድር ላይ የነበረው ናይኪ ከቀድሞው 70 በመቶ ያነሰ ክፍያ እንዳቀረበላት፣ በወሊድ ዙሪያ ባሉት ወራት ውጤቷ ቢቀንስ እንዳትቀጣ ዋስትና ስትጠይቅም እንደተከለከለች ጻፈች። በነሐሴ ወር ድርጅቱ ፖሊሲውን ቀየረ፤ በእርግዝና ዙሪያ ለ18 ወራት ክፍያ አይቀነስም አለ። ያን የለወጠው ሴቶቹ መናገራቸው ነው። ከበቆጂ የወጣች፣ ውሉ በማታነበው ቋንቋ የተጻፈላት፣ ማናጀሯ በሌላ አገር የሚኖር የሃያ ሁለት ዓመት ሯጭ ግን በኒውዮርክ ታይምስ ላይ የምትጽፍበት ዕድል የላትም።

እዚህ ላይ ጥያቄው ከገንዘብ ወደ እምነት ይሻገራል።

ሜዳው አንድ ሕግ ብቻ ያውቃል፤ ቀድሞ የገባ ያሸንፋል። ይህ ሕግ ውብ ነው። የገበሬ ልጅ ያለ ዘመድና ያለ ሀብት ከዓለም ጋር እኩል መስመር ላይ እንድትቆም ያደረጋት እሱ ነው። ሰዓት አያዳላም፤ የአባትን ስም አይጠይቅም፤ ብሔርንና ሃይማኖትን አይመለከትም። ሁሉ በጥረት ይገኛል፣ ያልጣረ አያገኝም። ሯጮች ይህን ሕግ የሚወዱት በእሱ ስለ ዳኑ ነው። አደጋው የሚመጣው ሕጉ ከመሮጫው መስመር ወጥቶ ሕይወትን ሁሉ ልዳኝ ሲል ነው።

ልጅ በጥረት የሚገኝ ውጤት አይደለም። በአዳማ ቄሱም፣ ሼኩም፣ ፓስተሩም በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ ልጅ የፈጣሪ ስጦታ ነው በሚለው ግን አንዳቸውም አያመነቱም። የኦሮሞን ነባር እምነት የሚከተለው ዋቄፈታም እንዲሁ ያምናል። ስጦታን በውጤት መዝገብ ላይ የሚጽፍ ሰው ግን ምን ዓምድ ውስጥ ያስገባዋል? ያልተሮጠ ውድድር፣ የወረደ ደረጃ፣ የባከነ የውድድር ዘመን አድርጎ ይጽፈዋል። እርግዝና ከጅማት መበጠስ ጎን ይሰለፋል። ሴትየዋ ከሕይወቷ ሁሉ የበለጠውን በተቀበለችበት ዓመት መዝገቡ «ጉድለት» ይላል። ስህተቱ ከዚህ ይጀምራል፤ ከክፉ ማናጀር ወይም ከስስታም ድርጅት በፊት ነገሩን የምናይበት ዓይን ተሳስቷል።

የአርሲ ኦሮሞ ይህን በሌላ ዓይን ያየ ነበር። በዚያ ባህል የወለደች ሴት ቀነፋ የሚባል ከእንጨት የተሠራ ትንሽ ነገር በግንባሯ ላይ ታስራለች፤ ለወራትም አትፈታውም። ቀነፋ ያሰረች ሴት ወዩ ናት፤ የማትነካ፣ በክብር የተከለለች። ባሏ እንኳ እጁን አያነሣባትም፤ መንገድ ላይ ያገኛት ያከብራታል። ይህን የጣሰ ሰው ጠቡ ከአንዲት ሴት ጋር ብቻ አይሆንም። የአካባቢው ሴቶች እናቶቻቸው በጋብቻቸው ጊዜ የሰጧቸውን የሲንቄ በትር ይዘው ይወጣሉ፤ ከቤት ውጭ ይውላሉ፤ ጥፋተኛው በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠይቆ ካሳ እስኪከፍል አይመለሱም። ሲንቄ ዛሬ የባንክ ስም ሆኖ በከተሞቹ ጎዳና ላይ ይነበባል። የተነሣበት ሥራ ግን ይህ ነው፤ ሴትን፣ በተለይም አራስን፣ ማስከበር።

በቀነፋ ሥርዓት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ያሰረችው ሴት ክብሩን ያገኘችው ወልዳ በመመለሷ አይደለም፤ ከወለደች ከስንት ጊዜ በኋላ ውኃ እንደቀዳች ወይም እርሻ እንደወጣች የሚጠይቃት የለም። ወልዳለች፤ ይበቃል። ክብሩም ባሏ ደግ ስለሆነ የሚሰጣት አይደለም፤ ቢነፈጋት የሚያስከብር ጉባኤ አለ። ችሮታ ሳይሆን ሕግ ነው ማለት ነው። የድሮው ሥርዓት ለሴት ሁሉን ሰጥቶ ነበር ማለትም አይቻልም፤ ዩኔስኮ በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የገዳ ሥርዓት የሥልጣን ወንበሩን ለወንዶች ብቻ ያቆየ ነበር። በዚያ በጎደለ ዓለም ውስጥ እንኳ አራስን ማክበር እንደ ግዴታ መያዙ ዛሬ ላለነው የበለጠ ወቀሳ ነው።

ከደራርቱና ከጥሩነሽ ቀደም ያሉ የአርሲ እናቶች በዚህ ሥርዓት ኖረዋል። የእነሱ ልጆች ወደ ዓለም መድረክ ወጥተው የፈረሙት ውል ግን ከዚህ ሁሉ አንድ መስመር አልያዘም።

የአዳማ የእምነት ቤቶችም ከዚህ የራቀ አይናገሩም። በኦርቶዶክስ ቤት ሴት ስታምጥ ማርያም ትጠራለች፤ ከተገላገለች በኋላ ጎረቤት ገንፎና አጥሚት ይዞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ አራሷ ከጾም ነፃ ናት፤ ስለዚህም ከጿሚው አንሳ አትታይም። በእስልምና ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች የረመዳንን ጾም ማዘግየት ትችላለች። ከዚህም የሚያስገርመው ሶላት ነው። ሶላት ከሃይማኖቱ ምሰሶዎች አንዱ ነው፤ በቀን አምስት ጊዜ ማንም የማይተወው። በወሊድ ደም ላይ ያለች ሴት ግን አትሰግድም፤ ያለፋትን ሶላት በኋላ መልሳ እንድትሰግድም አትጠየቅም። ፈጣሪ ያለፈውን ሶላት ካልጠየቃት፣ ያለፋትን ውድድር ከደመወዟ የሚቆርጥ ውል በምን ሥልጣን ነው የሚቆርጠው?

«እናት ከሆነች አርፋ ልጇን ታሳድግ፤ እናትነትና አደባባይ አይሄዱም» የሚሉም አሉ፤ ሃይማኖትንም ይጠቅሳሉ። ለእነሱ የሐጀር ታሪክ መልስ ነው። ክርስቲያኑ አጋር ይላታል፤ በኦሪት ዘፍጥረት ልጇን ይዛ ምድረ በዳ ላይ ውኃ ያለቀባት እናት ናት። ሙስሊሙ ታሪኩን በበለጠ ዝርዝር ያውቀዋል። ሕፃኑ እስማኤል በጥም ሲያለቅስ ሐጀር በሶፋና በመርዋ ኮረብታዎች መካከል ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። ዛሬም ወደ መካ የሚሄድ ሐጃጅ ሁሉ፣ ንጉሥም ይሁን ድሃ፣ ያንን ሰባት ጊዜ ይመላለሳል፤ ወንዶች በመካከሉ ባለው ስፍራ ይሮጣሉ። ከአዳማ፣ ከሻሸመኔ፣ ከባቱ ተነሥተው ሐጅ ያደረጉ አባቶች የአንዲትን እናት ሩጫ ደግመው መጥተዋል። ስለ ልጇ የሮጠች ሴት በአንድ ታላቅ እምነት እምብርት ላይ ቆማ ሳለ፣ እናት መሮጥ አያምርባትም የሚል ክርክር ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ያስቸግራል።

የሐጀር ታሪክ ሌላም ያስተምራል። ሮጠች፤ ውኃው ግን ሮጣ በደረሰችበት ኮረብታ ላይ አልነበረም። የዘምዘም ምንጭ የፈለቀው ሕፃኑ በተኛበት ነው። ጥረቷ አልተናቀም፤ ለዘላለም የሚደገም ሥርዓት ሆኗል። ሕይወቷን ያተረፈው ግን ከጥረቷ ውጭ የመጣ እርዳታ ነው። የሜዳው ሕግ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ያውቃል። ወልዳ የምትመለስ ሯጭ ሁለቱንም ትፈልጋለች። ለጥረቷ እሷ አለች፤ ለውኃው ግን ሌላ ሰው መጠየቅ አለበት።

ማን? እዚህ ላይ ተቃዋሚው በቅንነት የሚያነሣው ነገር አለ፤ ሊናቅ አይገባም። ስፖንሰር ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አይደለም፤ የሚከፍለው ለሩጫ ነው። ክለብም በጀቱ የተወሰነ ነው፤ ለማትሮጠው ሲከፍል ለምትሮጠው ይጎድላል። መውለድ የግል ውሳኔ ነው፤ የግል ውሳኔ ዋጋ ለምን በሌላ ላይ ይጫናል?

መልሱ የሚጀምረው ከአንዲት ሯጭ እግር ስንት ሰው እንደሚበላ በመቁጠር ነው። ማናጀሯ ከሽልማቷ ብዙ ጊዜ 15 በመቶ ይወስዳል። አሰልጣኟ፣ አሯሯጯ፣ የአካላዊ ሕክምና ባለሙያዋ ይከፈላቸዋል። ቤተሰቧ ይለወጣል። ድርጅቱ ፎቶዋን ለጥፎ ጫማ ይሸጣል። ክለቡ በሻምፒዮናው ነጥብ ይሰበስባል። አገር ባንዲራዋን ከፍ ታደርጋለች። ሯጮች ያተረፉት ገንዘብ በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ሆቴልና ሕንፃ ሆኖ ቆሟል፤ በባቱ ሐይቅ ዳርና በአዳማ ያሉት የኃይሌ ሪዞርቶች ስንት ወጣት እንደቀጠሩ የአካባቢው ሰው ያውቃል። ሲደላት አብሮ የበላ ሁሉ ስትወልድ «የግል ጉዳይሽ ነው» ካለ፣ በአማርኛ ለዚህ የሚሰጠው ስም ውለታ ቢስነት ነው።

ሕጉም ቢሆን ለሌላው ሠራተኛ ይህን ከተቀበለ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ሙሉ ክፍያ ያለው የወሊድ ፈቃድ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ነፍሰ ጡርን ከሥራ ማሰናበትንም ይከለክላል። በባቱ የአበባ እርሻ ጽጌረዳ የምትቆርጥ፣ በአዳማ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋ ወጣት ይህ መብት አላት። በተግባር የሚጓደልበት ቦታ ቢኖርም የምትጠቅሰው አንቀጽ አለ። በዓለም ሻምፒዮና የሮጠች ጎረቤቷ ግን ከክለብ ደመወዟ ውጭ ያለው ገቢዋ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ስፖንሰር አሠሪ አይደለም፤ የውድድር አዘጋጅም እንዲሁ። የአገር ስም ያስጠራችው ሴት ከአበባ ለቃሚዋ ያነሰ ጥበቃ ይዛ ትወልዳለች።

እግር ኳሱ ከአትሌቲክሱ ቀድሟል። ፊፋ ከጥር 2021 ጀምሮ ለሴት ተጫዋቾች ቢያንስ 14 ሳምንት የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ ደንግጓል፤ ክፍያው ከውል ደመወዝ ሁለት ሦስተኛ በታች መሆን የለበትም፤ ክለቡም ተመላሿን ተቀብሎ ወደ ጨዋታ የመመለስ ግዴታ አለበት። በ2024 ደግሞ በማደጎ ልጅ የወሰዱትንና አሰልጣኞችን ጨመረ። ሕጉ ወረቀት ብቻ እንዳልሆነ አይስላንዳዊቷ ሳራ ቢዮርክ ጉናርስዶቲር አሳይታለች። በእርግዝናዋ ወቅት ሙሉ ክፍያዋን ያልከፈላት የፈረንሳዩ ሊዮን ክለብ ከ82 ሺህ ዩሮ በላይ እንዲከፍላት የፊፋ ፍርድ ቤት ወስኖላታል። በአዳማ ከተማ የሴቶች ቡድን የምትጫወት ወጣት የምትጠቅሰው ዓለም አቀፍ ደንብ አላት ማለት ነው። በዚያው ከተማ አስፋልት ላይ ጠዋት የምትሮጠው ልጅ ይህ የላትም።

ሌላ ያልተነሣ ወገን አለ፤ አባት። ኃይሌ ገብረሥላሴ የአራት ልጆች አባት ነው። በ2007 እና በ2008 በርሊን ላይ የማራቶንን ክብረ ወሰን ሲሰብር «ልጆቹን ማን እየያዛቸው ነው?» ብሎ የጠየቀው ጋዜጠኛ አልተሰማም። ልጅ ሲወለድ የወንድ ሯጭ ውል አይቀነስም፤ ደረጃውም አይወርድም። የሥራ ሕጋችን ለአባት የሚሰጠው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ይህ ለእናቲቱ ብቻ ሳይሆን ለአባትየውም በደል ነው፤ ልጁን በደንብ ሳያይ ወደ ልምምድ ካምፕ ይሄዳል። ብዙ ሴት አትሌቶቻችን ባሎቻቸው ራሳቸው ሯጭ ወይም አሰልጣኝ ናቸው። ከነዚህ ቤቶች ውስጥ ሕፃኑን ለመያዝ ሩጫውን የቀነሰ ባል ካለ፣ ስሙ ከሚስቱ ሜዳሊያ ጎን ሊነገር ይገባዋል።

የሰውነት ጉዳይም በአጭሩ ይነሣ። በ2019 በእንግሊዝ የወጣ የባለሙያዎች መመሪያ ወልዳ ወደ ሩጫ የምትመለስ ሴት ቢያንስ ሦስት ወር እንድትጠብቅ ይመክራል። የሚያጠቡ እናቶች ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋቸዋል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለምትለማመድ ሯጭ ይህ ይበልጥ ይጨምራል። ሦስት ወር መጠበቅ የምትችለው ግን የቤት ኪራይዋ የተከፈለላት ብቻ ናት። ኬንያዊቷ ፌዝ ኪፕዬጎን በ2018 ወልዳ በ1,500 ሜትር በቶኪዮና በፓሪስ የኦሊምፒክ ወርቋን ስትደግም ዓለም አደነቀ። ጊዜ ተሰጥቷት የተመለሰች ሴት ምን ማድረግ እንደምትችል ከእሷ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ የለም።

ድጋፉ ምን ይምሰል ለሚል፣ ነገሩ ረቂቅ አይደለም። በክለብ ውል ውስጥ የወሊድ አንቀጽ ይግባ፤ ደመወዟ አይቆረጥ፤ ስትመለስ ያለ አዲስ ፈተና ቦታዋን ታግኝ። ማናጀሮች ከውጭ ድርጅት ጋር ሲደራደሩ የ18 ወሩን ዋስትና ይጠይቁ፤ ውሉም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተተርጉሞ ይነበብላት። አሰላ ላይ የጥሩነሽ ዲባባን ስም የተሸከመ ብሔራዊ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። በፓሪስ ኦሊምፒክ መንደር ለመጀመሪያ ጊዜ የሕፃናት ክፍል ሲከፈት የጠየቀችው አሊሰን ፊሊክስ ነበረች። የጥሩነሽ ስም ያለበት ቦታ ላይ የሚያጠቡ ሯጮች ልጃቸውን የሚያሳርፉበት አንድ ክፍል እንዲኖር የአሜሪካ ሰው መጠየቅ የለበትም።

ከ2018 እስከ 2024 መጨረሻ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን የመራችው ደራርቱ ቱሉ፣ ወልዳ የተመለሰች እናት ናት። ከእሷ ቀጥሎ የተመረጠው ስለሺ ስኅን የጥሩነሽ ዲባባ ባለቤት፣ የልጆቿም አባት ነው። ይህን ጉዳይ ከውስጥ ከሚያውቁት ሰዎች መካከል በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ አለና፣ የወሊድ አንቀጽ ያለበት አንድ የናሙና ውል ተጽፎ ለክለቦች ሁሉ ይላክ። በአዳማ፣ በአሰላ፣ በባቱና በሻሸመኔ የክለብ ቦርድ ላይ የምትቀመጡም ሌላ አትጠብቁ፤ በመጪው የውድድር ዘመን ከሴት አትሌት ጋር ስትፈርሙ አንቀጹን አስገቡ።